8 ሰዓት ለማሠልጠን 14 ሰዓት መንገድ፦ የለገጣፎን ክፍለ ጊዜ ልተወው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የዳንስ ስፖርት አሠልጣኝ ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ኮዬ ፈጬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አያት፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ እሑድ ደግሞ ለገጣፎ አሠለጥናለሁ። ባለፈው ወር ከቤት የምወጣበትን፣ ታክሲ የምሳፈርበትንና የምወርድበትን ሰዓት በደብተር ስመዘግብ ቆየሁ። በሳምንት ሠልጣኞች ፊት ቆሜ የማሠለጥነው 8 ሰዓት ሲሆን፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምቆመው ተጨምሮ በመንገድ የማሳልፈው 14 ሰዓት ነው። በአራት ሳምንት 32 ሰዓት ሥልጠና፣ 56 ሰዓት መንገድ ማለት ነው። የሚከፈለኝ ለ32ቱ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ የእሑዱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ጎሮ፣ ከጎሮ አያት፣ ከአያት ለገጣፎ ሦስት ታክሲ ስለምቀያይር፣ ለአንድ ሰዓት ሥልጠና ደርሶ መልሱ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል፤ ይህም ስፒከሩን በትከሻዬ አንግቼ፣ ቅያሪ ጫማዬንና ውኃዬን በቦርሳ ይዤ ነው። የለገጣፎ ሠልጣኞቼ 14 ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከ50 ዓመት በላይ ሲሆኑ፣ ግማሾቹ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም አለባቸው፤ የምንሠራውም በዕድራቸው አዳራሽ ነው። ሲጀምሩ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ለማንሣት ያፍሩ ነበር። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሳያወልቁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኋላ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ፤ ዛሬ ግን የፊተኛውን መስመር ለማንም አይለቁም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህን ክፍለ ጊዜ ልተወው ወይስ የመንገዱን ሰዓት እንደ ሥራ ቆጥሬ ክፍያ ልጠይቅበት? በበኩሌ መንገዱ የሥራዬ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ታክሲ ውስጥ ጎብጦ የሚቆመው ወገብና መድረክ ላይ የሚዞረው ወገብ አንድ ነው።

የምላሾቹ ቅደም ተከተል

ክሩ (በዚህ ጥያቄ ሥር ያለው የምላሾች ሰንሰለት) ከ20 ምላሽ በላይ ስለሆነ፣ አዲስ ለሚገቡ አንባቢዎች የተባለውን በተራ እተርካለሁ።

ምላሽ 1 የመጣው ጀሞ ከሚያሠለጥን የሙያ ባልደረባዬ ነው። በአክብሮት ሰላምታ ጀምሮ፣ እርሱም ሦስት ዓመት ያህል ከጀሞ ሰበታና ቡራዩ ድረስ እየተመላለሰ ማሠልጠኑን፣ በመጨረሻም ጉልበቱ አብጦ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው የሩቆቹን ትቶ በሰፈሩ መወሰኑን ገለጸ። ገቢው በመጀመሪያ በግማሽ ቢቀንስም፣ ጎረቤቶቹ እየበዙ ሲመጡ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ቀድሞው ተመልሶለታል። ስለዚህ ለገጣፎን ብቻ ሳይሆን አያትንም እንድተው መከረኝ። ምክሩ ከልብ የመነጨ እንደሆነ ያስታውቃል። ሆኖም የተዋቸውን የቡራዩ ሠልጣኞች ከእርሱ በኋላ ማን እንደተረከባቸው ብጠይቀው፣ ለቀናት መልስ አልሰጠኝም።

ምላሽ 2 የክፍያውን አሠራር ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ቢሾፍቱ ላይ የጂሙ ባለቤት በየክፍለ ጊዜው እንደሚከፍለኝ፣ በሌሎቹ ቦታዎች ግን እያንዳንዷ ሠልጣኝ በወር እንደምትከፍል፣ በዚህም ምክንያት ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲበረታና ሰው ሲቀንስ የታክሲው ወጪ ባለበት እየቆመ ገቢዬ እንደሚወርድ አስረዳሁ።

በምላሽ 3 ስህተቴ ታረመ። በመክፈቻው የመጀመሪያ ቅጂ ዙምባ የሚባለው በላቲን አሜሪካ ሙዚቃ የሚሠራ የዳንስ ስፖርት ከብራዚል የመጣ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ጸሐፊዋ፣ ጅማሬው ከኮሎምቢያ መሆኑን፣ ቤቶ ፔሬዝ የተባለው የካሊ ከተማ አሠልጣኝ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ቀን የኤሮቢክስ ሙዚቃውን ረስቶ በያዘው የሳልሳና የሜሬንጌ ካሴት ክፍለ ጊዜውን እንደመራና ነገሩ ከዚያ እንደተወለደ በትሕትና አስረዳችኝ። አክላም ስሙ የተመዘገበ የንግድ ስም ስለሆነ፣ በዚያ ስም ለማሠልጠን የድርጅቱን ሥልጠና መውሰድና ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ አስታወሰች። ልክ ናት። ጽሑፉን አርሜ፣ ኮዬ ፈጬ በር ላይ ከለጠፍኩት ማስታወቂያም ስሙን አንሥቼ የዳንስ ስፖርት በሚለው ተክቼዋለሁ።

ምላሽ 4 የሱሉልታ ሯጭ ነው። እኔ ቢሾፍቱ ስደርስ ሰውነቴ ቀለል የሚለኝ በአየሩ ምክንያት ነው ብዬ ስለነበር፣ በቁጥር መለሰልኝ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደጋ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ያ የተለመደ ኑሮው ነው። የ450 ሜትር ልዩነት ለሯጭ ሰዓት ቁም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንዲት አሠልጣኝ ቅዳሜ ስትበረታ እሑድ የምትዝለው በዚያ ምክንያት አይመስለውም። ከዚያም በየዕለቱ ስንት ሰዓት እንደምተኛ ጠየቀኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ዓርብ ማታ በጊዜ እተኛለሁ፤ ቅዳሜም በአንድ ታክሲ፣ ወንበር አግኝቼ እሄዳለሁ። ቅዳሜ አመሻሽ ተመልሼ የሰፈሩን ሥራ ስሠራ አምሽቼ፣ እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። አየሩን በከንቱ ስወቅስ ኖሬአለሁ።

የሰንዳፋዋ ነርስ በምላሽ 5 ያንኑ ተቀብላ ወደ ሠልጣኞቹ አዞረችው፤ በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ መጥቶ አንድ ሰዓት ከተንቀሳቀሰ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ እንደሚችል፣ ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲታይ ሙዚቃውን ወዲያው አቁሞ ስኳር ያለበት ነገር መስጠት እንደሚገባ፣ በጾም ወራት ደግሞ ሠልጣኞቹ አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር እንዳለባቸው ጻፈች። የደም ግፊት ላለባቸው ትንፋሽ ማመቅ እንደማይገባና ልምምዱ በዝግታ እየቀዘቀዘ እንጂ በድንገት እንዳይቋረጥ አሳሰበች። እኔ እስካሁን አዲስ ሠልጣኝ ስትመጣ ስሟንና ስልኳን ብቻ ነበር የምመዘግበው። ከዚህ ምላሽ በኋላ ግን ምን መድኃኒት እንደምትወስድና ቁርስ በልታ እንደሆነ የምጠይቅበት ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ በቦርሳዬም ስኳር የተቋጠረበት ትንሽ ፌስታል አይጠፋም።

ምላሽ 6 እና 7 ስለ ድምፅ ነበሩ። አንዲት የቀድሞ አሠልጣኝ በስፒከሩ ላይ እየጮኸች ስትመራ ኖራ ድምፅዋ ለወራት እንደተዘጋ ተርካ፣ እንቅስቃሴው ከመቀየሩ አራት ምት አስቀድሞ በእጅ ምልክት ማሳየትን መከረች። ይህን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ምላሽ 8 ደግሞ ወለሉን አነሣ፦ በሴራሚክና በባዶ ሲሚንቶ ላይ መዝለል ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን እንደሚጎዳ፣ የእንጨት ወለል በሌለበት ዝላዩን ወደ እርምጃ መለወጥ እንደሚሻል ጻፈ።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ጭፈራው ገባ፤ ባለመከልከሌ ደስ ይለኛል። በምላሽ 9 የቡልቡላ ነዋሪ የሆነ የባህል ተወዛዋዥ፣ በውጭ ሙዚቃ ብቻ ለምን እንደምንሠራ ጠየቀ። በእርሱ አሠራር በትግርኛው የክብ ጉዞ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ በእስክስታ ትከሻንና ደረትን ማፍታታት፣ በወላይታው ወገብን ማንቀሳቀስ፣ የልብ ምት ከፍ እንዲል በተፈለገበት ሰዓት የጉራጌውን ፈጣን እግር ማስገባት፣ ከዚያ ወደ ክቡ ጉዞ ተመልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ምላሽ 10 ተስማምታ፣ እስክስታ ጉልበት ለታመመ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ሙሉ ልምምድ መሆኑን ጨመረች፤ ሆኖም አንገቷን ለሚያማት ሠልጣኝ የአንገቱን ንቅናቄ መተው እንደሚገባ አስጠነቀቀች።

ምላሽ 11 የተቃውሞ ነበር። እኛ አሠልጣኞች የለመድነው እስከ ስምንት መቁጠርን ስለሆነ፣ በስድስት የሚሄደው የችክችካ ምት ከቆጠራችን ጋር አይገጥምም፤ ሠልጣኞችም ይደናገራሉ አለ። በምላሽ 12 አንድ የኪቦርድ ተጫዋች አረመው። በችክችካ ውስጥ ያሉት ስድስት ትናንሽ ምቶች በሦስት በሦስት ተቧድነው ሁለት ትላልቅ ምቶች እንደሚሠሩ፣ በትልልቆቹ ላይ ከተቆጠረ አራቱ ዙር ስምንት እንደሚሞላ፣ መደናገሩ የሚመጣው እግር ትንሹን ምት ሲከተል እጅ ትልቁን ስለሚከተል መሆኑን አስረዳ። በማግስቱ ኮዬ ፈጬ ላይ ሞከርኩት። በመጀመሪያ በጭብጨባ ትልቁን ምት ብቻ አስያዝኳቸው፤ ከዚያ እግር ጨመርን፤ ከዚያ ትከሻ። ለአራት ወር በውጭ ሙዚቃ ግራና ቀኟ ሲጠፋባት የነበረች ወጣት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ማንንም ሳታይ ትሄድ ነበር።

የሙዚቃው ነገር የሁዳዴን ጾም አመጣ። በምላሽ 13 አንዲት እኅት በ55ቱ ቀን ዓለማዊ ዘፈን መስማት ስለማትፈልግ በየዓመቱ ስፖርቷን እንደምታቋርጥ፣ ከፋሲካ በኋላም ሰውነቷ እንደ አዲስ እንደሚጀምር ገለጸች። ምላሽ 14 ሙስሊም እኅት ናት፤ በረመዳን የእነርሱ ቡድን ክፍለ ጊዜውን ከኢፍጣር በኋላ እንዳዞረው፣ አሠልጣኛቸውም በቆጠራ ብቻ እንደምትመራቸው ጻፈች። እኔም የራሴን ጨመርኩ። ኮዬ ፈጬ የምንሠራው በብሎኮቹ የጋራ መገልገያ ቤት ስለሆነ፣ ለቅሶ ሲኖር ስፒከር አይከፈትም። አንድ ረቡዕ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስደርስ በብሎኮቹ መካከል ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ። ልመለስ ስል ሠልጣኞቹ አስቀሩኝ። በሩን ዘግተን፣ በሹክሹክታ እየቆጠርኩ፣ ያለ ዝላይና ያለ ጭብጨባ 40 ደቂቃ ሠራን፤ የሚሰማው የእግራችን ኮቴና ትንፋሻችን ብቻ ነበር። ስንጨርስ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ድንኳኑ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሁዳዴም እንዲሁ መሥራት እንደሚቻል ያወቅኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

በምላሽ 15 ቃናው ተለወጠ። ጸሐፊው፣ የመክፈቻው ጥያቄ ምሬት እንጂ ጥያቄ አለመሆኑን፣ ገላን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ከእኔ ያላነሰ መንገድ ከእኔ ባነሰ ገቢ እንደሚመላለሱ፣ ማንም ለታክሲ ሰልፍ እንደማይከፍላቸው፣ አሠልጣኝ ነኝ ባይ ግን ልዩ ክብር እንደሚፈልግ በጠንካራ ቃላት ጻፈ። ስለ ፋብሪካ ልጆቹ የተናገረው እውነት ነው፤ አብሬያቸው ስለምሰለፍ አውቀዋለሁ። ለእነርሱም የመንገዱ ሰዓት ሊቆጠርላቸው ይገባል እንጂ፣ ለእነርሱ ስላልተቆጠረ ለማንም አይቆጠር ማለት አይቻልም ብዬ መለስኩለት። ምላሽ 16 ከእኔ በላይ ተቆጥታ፣ ጸሐፊው አንድ ቀን ስፒከር ተሸክሞ ከጎሮ አያት ቆሞ እንዲሄድ ጋበዘችው።

ምላሽ 17 ግን ከዚህም ወረደ። ለሴት ልጅ ማታ ከአያት ቱሉ ዲምቱ ብቻዋን መመለስ እንደማያምርባት፣ ሰው ፊት ወገብ ማወዛወዝም ሥራ ተብሎ እንደማይጠራ የሚል ነበር። አንድ አባት በምላሽ 18፣ የስትሮክ ሕመም የደረሰባቸው ባለቤታቸው ከሐኪም ሕክምናው ቀጥሎ እጃቸውን ማንሣት የለመዱት በእንዲህ ያለች አሠልጣኝ ትዕግሥት መሆኑን በጨዋ ቃል፣ ነገር ግን ምንም ሳያለሳልሱ ጻፉለት። አወያዩ ምላሽ 17ን ሰርዞ ጸሐፊውን አስጠንቅቋል፤ የማታው መንገድ አስጊ መሆኑ ግን አይሰረዝም። ሐሙስ ማታ ከጎሮ በኋላ መብራት የሌለበት ቦታ ስላለ፣ ከሠልጣኞቼ አንዷ ወደ ቡልቡላ ስትሄድ በመኪናዋ እስከ ጎሮ ታደርሰኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወንበር ካላገኘሁ በስተቀር አልሳፈርም።

በምላሽ 19 ውይይቱ ወደ ትራንስፖርት ዞረ። አንዱ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር እንድጠቀም፣ ቢሾፍቱም በፈጣኑ መንገድ እንድሄድ መከረ። ምላሽ 20 እንዳስረዳው፣ ባቡሩ በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም፤ ከቃሊቲ ተነሥቶ መሐል ከተማ ገብቶ ወደ አያት መመለስም ክብ መዞር ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከቤቴ አጠገብ ቢነሣም፣ መሐል ላይ ሰው የሚያነሣና የሚያወርድ መኪና አይፈቀድበትም፤ እኔን የሚያነሣኝ በገላንና በዱከም በኩል በአሮጌው መንገድ የሚሄደው ታክሲ ነው።

ምላሽ 21 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን መንገድ ለሰው ጠቅሶ፣ በነጻ የሚሠራ የጅምላ ስፖርት እያለ የለገጣፎ እናቶች ለምን እንደሚከፍሉ ጠየቀ። ነርሷ ተመልሳ መጣች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ በሚገኝ አንድ ጠዋት እንደማይሞላ፣ ጉልበቷ የሚያማት የ60 ዓመት እናትም በንጋት መስቀል አደባባይ ትድረስ ማለት ተገቢ እንዳልሆነ ቆጣ ብላ አስረዳች። በቁጥሩ እኔም ደነገጥኩ፤ የለገጣፎ ሠልጣኞቼ ከእኔ ጋር የሚያገኙት 60 ደቂቃ ብቻ ነው። ወደዚያ የምሄድበትን ቀን ልቀንስ ስጠይቅ፣ ለካስ እነርሱ ያንሳቸዋል።

ምላሽ 22 ከዚያው ከለገጣፎ መጣ። የጻፈችው የአንዷ ሠልጣኜ ልጅ ናት፤ ክሩን ለእናቷ አንብባላቸው፣ እናቷም ለሌሎቹ ነግረዋል። መንገዱ 3 ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅብኝ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔም ነግሬአቸው አላውቅም። ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ተነጋግረው፣ እሑድ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ጉልበት ለሚያማቸው በወንበር ላይ፣ ሁለተኛው ለልጆቻቸውና ለጎረቤት ወጣቶች እንዲደረግ፣ የታክሲው ወጪ ከወር ክፍያው ተለይቶ በጋራ እንዲዋጣ ወስነዋል። ስፒከር የዕድሩ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት መጋዘን እንዲቆይልኝ ቁልፉን የያዙት እናት ፈቅደዋል። ነርሷ በጻፈችው ላይ ተመርኩዘውም፣ እኔ በሌለሁበት ረቡዕና ዓርብ ተሰብስበው በእግር ለመሄድ ተስማምተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

የመጨረሻው፣ ምላሽ 23፣ የጀሞው ባልደረባዬ ነው። ለጥያቄዬ ዝም ያለው መልሱን ስላላወቀ እንደነበር፣ አሁን ግን ቡራዩ ደውሎ ማጣራቱን፣ ከእርሱ በኋላ ያሠለጠናቸው ሰው እንደሌለና ቡድኑ እንደተበተነ ጻፈ። ጉልበቱ ዛሬም ዝላይ አይችልም። በወንበር ላይ የሚሠራው ልምምድ ምን እንደሚመስል፣ በወር ሁለት እሑድ ብቻ ቢሄድ ይበቃ እንደሆነ ጠይቆኛል። ሁለት እሑድ ከምንም ይሻላል ብዬዋለሁ። ልምምዱን ግን ገና በእናቶቹ ላይ አልሞከርኩትም፤ የፊታችን እሑድ ለገጣፎ ሠርቼው፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደከበዳቸው አይቼ፣ ማታ እዚሁ ክር ላይ እጽፍለታለሁ።